ቪየና ላይ የሚያውቁኝ ሰዎች

ይህን ታሪክ ስጀምር ሁልጊዜ አንድ ሰው ያቋርጠኝና «ጠጥተህ ነበር?» ይለኛል። አዎ፣ በዚያ ጉዞ ጠጥቻለሁ፤ የሄድነውም ለመብላትና ለመጠጣት ነው። የመጀመሪያው ነገር የደረሰብኝ ግን ጠዋት፣ ከአንድ ስኒ ቡና በቀር ምንም ሳልቀምስ ነበር። ስለዚህ እናንተ ሳትፈርዱብኝ እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ጊዜው በፈረንጆቹ አቆጣጠር የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ያኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ተከራይተን እንኖር ነበር፤ እኔ፣ ባለቤቴ ገነትና እናቴ። ሥራዬ አሳንሰር መጠገን ነው። አንድ አሮጌ ሕንጻ ውስጥ አሳንሰሩ ሁለት ፎቅ መሀል ቆሞ ሰው ሲጮህ፣ የሚጠራው እኔ ነበርኩ። ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ በገመድ መውረድ የለመደ ሰው ቶሎ አይፈራም። ገና ሠላሳ አምስት ሳይሞላኝ ጸጉሬ ሸብቶ ስለነበር፣ የሥራ ባልደረቦቼ «ሽማግሌው» ይሉኝ ነበር።

ገነት አሌክሳንድሪያ፣ ወንዙ አጠገብ ያለ አንድ ሆቴል ውስጥ ኬክ ትሠራለች። አለቃዋ ፍራንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ ነበር። «እጅሽ ጎበዝ ነው፤ ምላስሽ ግን ቪየናን አያውቅም» ይላታል ሁልጊዜ። ይህ ነገር ሆዷ ገባ። ሌላው ሰው ቫኬሽን ሲወጣ ፍሎሪዳ ይሄዳል፤ እሷ ቪየና ካልሄድን አለች። እኔም ዜግነት ካገኘሁ ወዲህ ፓስፖርቴን አንድ ቀን እንኳ ተጠቅሜበት አላውቅምና እሺ አልኳት። እናቴን ጎረቤት እየገባች እንድታያት አድርገን ለመሄድ ስንነሳ፣ እናቴ ከሶፋዋ ላይ ሆና፣ «ሰው ኬክ ለመብላት ባሕር ይሻገራል?» አለችን።

«ሙዚየምም እናያለን እማማ» አለቻት ገነት።

«በሉ፣ ደህና ግቡ። ሙዚየሙ አያጠግብም።»

ቪየና የደረስነው ኅዳር ሊገባ ሲል ነው። ጭጋጉ ከጣሪያዎቹ አልወጣም። በባቡሩ መንገድ ላይ የሚሄደው ሰው ሁሉ አበባ ይዟል፤ ነጭና ቢጫ አበባ፣ ከአበባው ጋር ደግሞ ቀይ ብርጭቆ ውስጥ ያለ ሻማ። አንድም የሚስቅ ሰው አላየሁም። የሆቴሉን ሰውዬ ስጠይቀው፣ ሰሞኑን የሙታን መታሰቢያ መሆኑን ነገረን፤ የከተማው ሕዝብ በሙሉ መቃብር ይሄዳል።

«ጥሩ ጊዜ ነው የመረጥነው» አለች ገነት።

በማግስቱ ጠዋት ፍራንዝ ወደ ነገራት የቡና ቤቶች ሰፈር ሄድን። እሱ የጠራላትን ቤት ፈልገን አጣነው። ቢበርደን ጊዜ ፊት ለፊታችን ያገኘነው ሌላ ቡና ቤት ውስጥ ገባን። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወንበሮቹ ያረጁ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ቤት ነው። ጥቁር ሱፍ የለበሰ በጣም ያረጀ አስተናጋጅ ከሩቅ አየኝና መጣ። አጎንብሶ ሰላምታ ሰጠኝ፤ «ሄር ዶክቶር» ሲል ሰማሁት። ከዚያም ሳልጠይቀው ወደ ጥግ ወሰደኝ፤ መስኮት አጠገብ ያለችውን ወንበር ለእኔ ሳበልኝ። ለገነት አልሳበላትም። እንዲያውም ፊቷን ላለማየት ዓይኑን ወደ መሬት አደረገ።

«ምን ሆኖ ነው የሚያፍረኝ?» አለችኝ።

ሰውዬው ተመልሶ ለእሷ የምግብ ዝርዝር፣ ለእኔ ጋዜጣ አመጣ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ያላዘዝኩትን ቡና በብር ትሪ ይዞ መጣ። አንድ ስኒ ቡና፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ስኳር ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ደግሞ በትንሽ ሳህን ነጭ ነገር። ገነት በጣቷ ነካ አድርጋ ቀመሰችው።

«ጨው ነው» አለችና ሳቀች። «ተሳስቶ ነው።»

እኔ አልሳቅሁም። ገነት ያዲስ አበባ ልጅ ናት። እኛ ግን የወሎ ሰዎች ነን፤ እናቴ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጣ እንኳ፣ ቡና ያለ ጨው አትጠጣም ነበር። ቪየና ውስጥ ያለ ነጭ ሽማግሌ ይህን ከየት አመጣው? ቆንጠር አድርጌ ጨመርኩና ጠጣሁት። እናቴ የምታፈላው ቡና ጣዕም ነበረው።

ሒሳብ የምትቀበለው ወጣት ሴት እንግሊዝኛ ትችል ነበርና ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። ሽማግሌውን ጠርታ አነጋገረችው።

«ለዶክተሩ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የማቀርበው ይላል» አለችኝ። «ባለፈው ሐሙስም ሁለት ስኒ ጠጥተሃል ይላል።»

«እኔ እዚህ አገር በሕይወቴ የመጣሁት ትናንት ነው። ንገሪው።»

ነገረችው። ሰውዬው፣ የሚያውቁት ሰው ሲቀልድ እንደሚሳቀው ዓይነት ሳቅ ሳቀና ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

ውጭ ስንወጣ ገነት ክንዴን ይዛ፣ «ለነሱ ጥቁር ሁሉ አንድ ነው፤ አንዱን አሜሪካዊ ወይም ናይጄሪያዊ ዶክተር አስመስሎህ ነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ዲሲም ይደርስብናል። ጨውን ግን ማስረዳት አልቻለችም፤ እኔም አላስቸገርኳት። ቀኑን ሙሉ ሥዕል አየን፤ በየኬክ ቤቱ ገባን። ገነት እያንዳንዱን ኬክ በሹካዋ ጫፍ ትወስድና ዓይኗን ጨፍና ታስባለች። «የኮክ ማርመላታው ከቸኮላቱ ሥር ነው ያለው፤ ለዚህ ነው የማይደርቀው» ትለኛለች። ደስ ብሏት ነበር። እኔ ግን መስታወት ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አያለሁ።

አመሻሹ ላይ የከተማው ዳር፣ ወይን ወደ ተተከለበት ኮረብታ ወጣን። እዚያ ገበሬዎቹ አዲሱን ወይን ራሳቸው በማሰሮ መሳይ ብርጭቆ ይሸጣሉ፤ ሰው በረጅም አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ይጠጣል። ምግቡ የአሳማ ሥጋ ስለሚበዛበት እኛ አይብ፣ ድንችና ጥቁር ዳቦ ወሰድን። ወይኑ ቀለል ያለ፣ እንደ ብርዝ የሚጠጣ ነው። ጥግ ላይ ወፍራም፣ ፊቱ የቀላ ሰውዬ አኮርዲዮን ይጫወታል፤ ሰዉ አብሮት ያዜማል።

ገና ግማሽ ብርጭቆ እንኳ አልጠጣሁም። ሰውዬው ቀና ሲል ከእኔ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ሙዚቃው ተቋረጠ። ሰዎቹ ዞረው አዩት። እሱ አማተበ። ከዚያ፣ ዓይኑን ከእኔ ላይ ሳይነቅል፣ ጣቶቹን ቀስ ብሎ ቁልፎቹ ላይ አንቀሳቀሰና ሌላ ዜማ ጀመረ።

የገነት ሹካ ሳህኗ ላይ ወደቀ። ዜማው የኛ ነበር። እኛ አገር ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ሴቶች የሚሉት የሰርግ ዜማ ነው። በፈረንጅ አኮርዲዮን፣ በቪየና ኮረብታ ላይ፣ እንደ ለቅሶ ቀስ ተደርጎ ተጫወተው።

ሲጨርስ አኮርዲዮኑን አስቀምጦ መጣ። ሁለት ጣቱን ጉንጬ ላይ አሳረፈ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ «ይሞቃል» አለ። ለራሱ ነው የተናገረው፤ ጉንጬ መሞቁን ማረጋገጡ ነበር።

«ማን መሰልኩህ?» አልኩት።

«ዶክተሩን። ዶክተሩ ሞቷል። ሁለተኛ ክረምቱ ነው። እኔ ተሸክሜዋለሁ» አለና ትከሻውን አሳየኝ። «አንተ ማን ነህ?»

«ደሳለኝ ወንድራድ።»

«ወንድራድ» አለ ከእኔ ቀጥሎ። አጠራሩ የተለማመደ ሰው አጠራር ነው። አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። የአንድ መንገድ ስም ነገረን፤ የቤቱንም ቁጥር ወይን የነካ ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እየሳበ ጻፈልን። ከዚያ በላይ መናገር አልፈለገም።

ወደ ሆቴል ስንመለስ ባቡሩ ውስጥ ለገነት፣ ከዚያ በፊት አንዴ ብቻ አንስቼላት የማውቀውን ነገር ነገርኳት። ታላቅ ወንድም ነበረኝ፤ ሰይፉ ይባላል። እኔ ትንሽ ልጅ ሳለሁ ሕክምና ሊማር ጀርመን አገር ተላከ። የደሴ ሰው ሁሉ «የወንድራድ ልጅ ዶክተር ሆኖ ይመጣል» ይል ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከጀርመን የተመለሰ አንድ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ ቤታችን መጣና በመኪና አደጋ ሞቶ እዚያው ተቀብሯል ብሎ አረዳን። እናቴ ድንኳን ጥላ አለቀሰች፤ ተዝካሩን አወጣች፤ ፎቶግራፎቹን ሳጥን ውስጥ ከታ ቆለፈችባቸው። ስለዚህ እኔ የወንድሜን መልክ በደንብ አላስታውሰውም።

«ያ ጀርመን ነው፤ ይህ ኦስትሪያ ነው» አለች ገነት።

«አውቃለሁ።»

«ያውም ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ሰውዬው ሁለተኛ ክረምቱ ነው አለ።»

«ሰምቻለሁ ገነት።»

በማግስቱ የሙታን ቀን ነበር። ቤቱን አገኘነው። አምስት ፎቅ ያለው ግራጫ ሕንጻ ነው፤ ደረጃው መሀል የእንጨት በርና የብረት ፍርግርግ ያለው ጥንታዊ አሳንሰር አለ። ገነት በእግር እንውጣ ብትለኝም ገባሁ፤ ከሰው ይልቅ አሳንሰር አምናለሁ። ስንወጣ በፍርግርጉ በኩል እያንዳንዱ ፎቅ በቀስታ ወደ ታች ሲወርድ ይታያል። በየበሩ የደረቀ አበባ ተሰቅሏል። ገመዱ ጤነኛ መሆኑን ድምፁን ሰምቼ አውቄያለሁ።

በሩ ላይ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ብዙ ከመወልወሉ የተነሳ ፊደሉ ደብዝዟል፤ ግን ይነበባል። የአባቴ ስም ነው።

ደወልኩ። ጥቁር ካፖርትና ባርኔጣ ያደረገች፣ ሃምሳ ዓመት ያለፋት ሴት ከፈተች። ልትወጣ ስትል ነው የደረስነው፤ እጇ ላይ በቀይ ብርጭቆ ያለ ሻማ ይዛለች። አልጮኸችም። ወደ ኋላም አላለችም። ፊቴን ከግንባሬ እስከ አገጬ ድረስ አየችው፤ ጸጉሬን አየች፤ ከዚያ በአማርኛ፣

«ጢኖ» አለች።

የበሩን መቃን ያዝኩ። ጢኖ የልጅነት ስሜ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ደሳለኝ ሲለኝ፣ በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰይፉ ብቻ ነበር። ከሞተ፣ ማለት ሞተ ከተባለ ወዲህ፣ ማንም ሰው በዚያ ስም ጠርቶኝ አያውቅም። ለገነትም አልነገርኳትም።

«ግባ» አለች ሴትዮዋ፤ አሁንም በአማርኛ።

ሄልጋ ትባላለች። በወጣትነቷ፣ ከጦርነቱ በኋላ፣ የአሜሪካ ወታደሮች ቤት ትሠራ ስለነበር እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው። ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤቷ ውስጥ አስቀመጠችንና ነገረችን። ሰይፉ ጀርመን ውስጥ የሕክምና ትምህርቱን መጨረስ አልቻለም። ሬሳ በቀደዱ ቁጥር ይወድቃል፤ ፈተና ወደቀ፤ ደገመ፤ ወደቀ። ቤተሰቡ ዶክተር ብሎ እየጠበቀው ነው። አንድ ጓደኛው ወደ አገር ቤት ሲመለስ፣ «ሞተ በልልኝ» ብሎ ለመነው። በዚያው ሰሞን ባቡር ተሳፍሮ ቪየና መጣ። አኮርዲዮን የሚጠገንበት ቤት ሥራ አገኘ፤ ያ የወይን ቤቱ ሙዚቀኛ የሥራ ባልደረባው ነበር። ከሄልጋ ጋር የተገናኙትም እዚያው ነው፤ እሱ እስኪሞት ድረስ አብረው ኖሩ፤ ልጅ አልወለዱም። የሞተው በሳንባ በሽታ ነው።

«ታዲያ ለምን ዶክተር ይሉታል?» አለች ገነት።

ሄልጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ቪየና ውስጥ አስተናጋጅ ከረባት ያሰረውን ሁሉ ዶክተር ይላል። ሰይፉ ሐሙስ ሐሙስ ሱፉን ለብሶ እዚያ ቡና ቤት ይሄድ ነበር። ለምን ትሄዳለህ ስለው፣ በሳምንት አንድ ቀን ዶክተር የሚለኝ ሰው አለ ይለኛል።»

አብረናት ወደ መቃብሩ ሄድን። እንዲህ ያለ ቦታ ከዚያ ወዲህ አላየሁም። መቃብሩ ራሱ ከተማ ያህላል፤ ጎዳና አለው። በጭጋጉ ውስጥ ሰው አይታይም፤ የሚታየው ቀይ ሻማ ብቻ ነው፤ በሺህ የሚቆጠር ቀይ ዓይን ከመሬት ያያችኋል። ከጭጋጉ ውስጥ ሰዎች ድምፅ ሳያሰሙ ይመጣሉ፤ ያልፋሉ፤ ይጠፋሉ። ሄልጋ አንድ ጥቁር ድንጋይ ፊት ቆመችና በመሐረቧ ጠረገችው።

ድንጋዩ ላይ በክብ ሸክላ የታተመ ፎቶግራፍ ነበር። ፊቱ የእኔ ነው። እኔን ይመስላል አላልኩም። ግንባሩ፣ የግራ ቅንድቡ ከፍ ማለቱ፣ የሸበተው ጸጉር፤ ጠዋት ስላጭ የማየው ሰው ከድንጋይ ውስጥ ያየኛል። ከሥሩ የአባቴ ስም ተጽፏል። ከኋላዬ የምታልፍ አንዲት ባልቴት ወደ ድንጋዩ አየች፤ ቀጥላ ወደ እኔ አየች። ከዚያ የልጅ ልጇን እጅ ይዛ ከመንገዱ ወጣችና ሣሩን ረግጣ በሩቅ ዞራን ሄደች። ሌሎችም እንደዚያው አደረጉ። ለመጀመሪያ ጊዜ፣ የፈራሁት እነሱን አልነበረም። እኔው ራሴ የማስፈራ ሆኜ ቆሜያለሁ። ገነት በሁለት እጇ እጄን ይዛ አልለቅም አለችኝ።

ስንመለስ ሄልጋ በቡና ቤቱ በኩል እንለፍ አለች። ሽማግሌውን አስተናጋጅ ጠራችውና እኔ የዶክተሩ ወንድም መሆኔን፣ ዶክተሩ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ መሆኑን በትሕትና አስረዳችው። ሰውዬው ትሪውን እንደያዘ በአክብሮት አዳመጣት። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት።

«ምን አለ?» አልኳት።

«ታዲያ ሐሙስ የሚመጣው ማን ነው አለኝ» አለችና ጓንቷን መልበስ ጀመረች። «አርጅቷል። ቀን ይምታታበታል።» ይህን ስትል ግን ዓይኗ መስኮቱ አጠገብ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ነበር። እዚያ ቤት ቁጭ ብላ ቡና አልጠጣችም፤ እኛም አልጠጣንም።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከገነት ጋር የተነጋገርነው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እናትህ አንድ ጊዜ ቀብራዋለች» አለችኝ። «ለምን መቃብሩን ታስቆፍራታለህ?»

«ልጇ እኮ ነው።»

«ልጇ መሆኑንማ አውቃለሁ። ኖሮ ኖሮ ሳይፈልጋት ሞተ ብለህ ነው የምትነግራት?»

በኛ ባህል መርዶ ሥርዓት አለው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል። ሞቷል ተብሎ ተዝካሩ ለወጣ ሰው ግን መርዶ እንዴት እንደሚነገር የሚያውቅ ሽማግሌ አላገኘሁም። እናቴም ጊዜ አልሰጠችኝም። በተመለስን በማግስቱ ጠዋት ቁርስ ላይ ፊቴን አየችና፣ «ምን አይተህ መጣህ?» አለችኝ። ነገርኳት። ከጨዋማው ቡና ጀምሬ እስከ ድንጋዩ ድረስ፣ ለእናንተ እንደነገርኳችሁ አድርጌ ሁሉን ነገርኳት።

አላለቀሰችም። ነጠላዋን አንገቷ ላይ አጠበቀች።

«ታዲያ እኔ በሕይወት ያለን ልጅ ነው በቤተ ክርስቲያን በሙታን ስም ሳስጠራው የኖርኩት?» አለች በመጨረሻ።

«አላወቅሽም እማዬ።»

«እሱስ እየተጠራ ምን ይሰማው ነበር ይሆን?»

ገነት ፊቷን አዞረች። እናቴ ግን፣ «ሴትዮዋን በስልክ አገናኘኝ» አለችኝ።

«ቋንቋ አትግባቡም።»

«አገናኘኝ አልኩህ።»

ደወልኩ። ሄልጋ አነሳች። ማን ሊያናግራት እንደሆነ በእንግሊዝኛ ነገርኳትና የስልኩን እጀታ ለእናቴ ሰጠኋት። ጠጋ ብዬ እሰማለሁ። መጀመሪያ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ከዚያ ሄልጋ የምታውቀውን አማርኛ ሁሉ፣ ሌላ የምትለው ስለሌላት፣ ቃል በቃል ትደረድር ጀመር። «ግባ። ብላ። ነገ። እማዬ።» ቀጥሎም «በለደኝ» አለች። «ደህና እደሪ» ለማለትም «ደህና እደሊ» አለች። የፈረንጅ አፍ ነው ብዬ አለፍኩት።

እናቴ ግን ተነሳች። እጀታውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ «ደግመሽ በዪው ልጄ፣ ደግመሽ በዪው» ትላታለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሰይፉ ‹ር› አይወጣለትም ነበር። አንተ ልጅ ስለነበርክ አታስታውስም። ‹ል› ይል ነበር፤ ሰው ይስቅበት ነበር። ይህቺ ሴት በሱ አፍ ነው የምታወራው።»

እናቴ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ስልኩ ሳይዘጋ አለቀሰች፤ በወዲያኛው በኩል ሄልጋ ስታለቅስ ይሰማኛል። ያንን ድምፅ እስከ ዛሬ ሳስበው ቆዳዬን ይወርረኛል፤ ግን ፍርሃት አይደለም።

ከዚያ እናቴ እንደገና ለቅሶ ልቀመጥ አለች። ገነት ሰው ምን ይላል ብላ ፈርታ ነበር። «የፊተኛውን ለራሴ ነው ያለቀስኩት፤ ይሄን ለሱ ላልቅስለት» አለቻት። ሰው መጣ። ከላንግሊ ፓርክም ከአሌክሳንድሪያም፣ የምናውቀውም የማናውቀውም እንጀራና ወጥ ይዞ መጣ። «መቼ አረፉ?» ብሎ ለሚጠይቅ ሁሉ ከመጀመሪያው መንገር ነበረብኝ። ስናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከሁሉ ጸጥ የሚያሰኘው መቃብሩ ወይም አስተናጋጁ አልነበረም። በሳምንት አንድ ቀን ዶክተር መባል የፈለገውን ሰው ስነግራቸው ነው ሰዉ አንገቱን የሚደፋው።

አንባብያን ሆይ፣ ይህ ነገር በእኔ ላይ ምን ለወጠ ብትሉኝ፣ ብዙ ነገር ነው። ሄልጋ እናቴ እስክታርፍ ድረስ በየበጋው እየመጣች ከኛ ጋር ተቀምጣለች። ገነት የራሷን ኬክ ቤት ከፍታለች። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የማስበው ስለ እፍረት ነው። አንድ ሰው ከቤተሰቡ ዓይን ለመሸሽ ሲል ራሱን ይቀብራል። ከቀበረ በኋላ ደግሞ ይኖራል፤ መኖሩ ነው የሚያስፈራው። ይህ በቪየና ብቻ የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ይህን የምታነቡት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በሴቨን ኮርነርስ ከሆነ፣ ስለማን እንደምናገር ታውቃላችሁ።

በለቅሶው በሦስተኛው ቀን፣ ሰው ከተበተነ በኋላ፣ አንድ ሰው ቀረ። መኮንን ይባላል፤ ከኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብሎ ይኖራል፤ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሥራው ዲሲ ውስጥ ባለ ጋራዥ የሰው መኪና ማቆም ነው። ጎንደር ያለው አባቱ ግን ልጁ ምሕንድስና ሊጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶታል ብሎ እንደሚያምን፣ ያ አንድ ዓመት ሳያልቅ ብዙ ዓመት እንደሆነው፣ ሕንጻው ሁሉ ያውቃል። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ መደወሉን ትቶ ነበር።

«ጋሼ ደሳለኝ» አለኝ እያቀረቀረ፤ «የእኔ ስልክ ተቆርጧል። ያንተን ላስቸግርህ?»

መኝታ ቤት ያለውን ስልክ አሳየሁት። መስመሩን ኦፐሬተሯ እስክታገናኘው ድረስ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። በመጨረሻ ቀና አለ።

«አባባ» ሲል ሰማሁት። «እኔ ነኝ። አለሁ።»

ቀጥሎ የሚለውን መስማት የእኔ ድርሻ አልነበረም። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁለት።